የዓይን ምስክርና የወሬ ቀንድ

የፍጥረትን ነገር የሚያሳዩትን የጥንት የኅትመት ሥዕሎች እንደ መጽሐፍ ጌጥ ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ ትል ከጭቃ ይፈጠራል ይባል በነበረበት ዘመን ሠዓሊዋ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1699 በ52 ዓመት ዕድሜዋ ከልጇ ጋር ነፍሳትን በዓይኗ አይታ ለመሳል ባሕር ተሻግራ ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም መሄዷን ቢያስተውል፣ ፍርዱን ያሻሽል ይመስለኛል። በ1705 በአምስተርዳም ካሳተመቻቸው 60 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች በብዙዎቹ፣ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሲቦጭቅ፣ ልባሱን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ፣ ኋላም ቢራቢሮ ሆኖ ክንፉን ሲዘረጋ በአንድ ገጽ ላይ ይታያል፤ ይህን የመሰለ ሐተታ በቃል ብቻ ይጻፍ ቢባል ብራናው አይበቃም። አልብሬክት ዱረር ግን (ታላቅ ሠዓሊ መሆኑን ማን ይክዳል?) በ1515 አውራሪስን በዓይኑ ሳያይ፣ ከሊዝበን በመጣ ወሬና ንድፍ ተመርቶ ሲስል፣ በጫንቃው ላይ የሌለ ቀንድ ተከለበት፤ ያም ቀንድ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖረ።