ባዶ መደርደሪያና መዝገቡ

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ ዛሬ በሌላ ስም የሚጠራው፣ በ1999 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቋመ። ከዚያም በተዘረጋው ሥርዓት ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ እንዲልኩ ተደነገገ።

ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ስሕተት በመካከሉ ይገባል። ወሩን ሙሉ ያልነበረ መድኃኒት በመዝገቡ «የወጣ፦ ዜሮ» ተብሎ ይጻፋል። ያለቀበት ቀን ካልታሰበ፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሹም ፈላጊ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል፤ ለሚመጣውም ጊዜ ጥቂት ይላካል። እጦቱም እንዲሁ ራሱን ይደግማል።

ነጋዴ ይህን ከእኛ ከጸሓፊዎቹ ይልቅ ያውቃል። ስኳር አልቆበት ደንበኛ ቢመለስ፣ ስኳር የሚሻ የለም ብሎ አያዝዝም፤ ስንት ሰው ባዶ እጁን እንደ ሄደ ያሰላል እንጂ።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰውን ደም የሚገታውን ኦክሲቶሲን የተባለውን መርፌ እንመልከት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ ስላለበት ያለ ልክ ማከማቸት አይቻልም፤ ማለቁ ደግሞ እናትን ይገድላል።

ቅጹን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሕሙማንን የሚያስተናግደው ያው አንድ ሰው መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም በቅጹ ላይ ያለቀበትን ቀን ብዛት የሚጠይቅ ዓምድ አለ። መጠየቂያውን የሚያጸድቁ ሹማምንት ከፊርማቸው በፊት ይህን ዓምድ ይመልከቱ፤ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ጤና ጣቢያውን በስልክ ጠይቀው ያስሞሉት።