የማደሪያ መኪና መስኮት ከመታዘዙ በፊት

አልጋ፣ ማብሰያና የውሃ በርሜል ይዞ የሚጓዘው፣ ካምፐር በመባል የሚታወቀው ማደሪያ መኪና በአገራችን ገና እምብዛም ያልተለመደ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ጎብኚዎችን ወደ ስሜን ተራሮችና ወደ ባሌ የሚወስዱ ሰዎች፣ በገጠር ለሥራ የሚሰነብቱ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ዝግ የጭነት መኪና ገዝተው በጋራዥ ለማደሪያ የሚያሰናዱ ግለሰቦች ስለሚፈልጉት፣ ብርድና ሙቀት የሚከላከለው የድርብ መስኮት ጥያቄ አልፎ አልፎ ወደ አስመጪው ጠረጴዛ መድረሱ አልቀረም። እኔም በንግድ ቤት ጸሐፊነት ደብዳቤ የማነብና የምመልስ እንደ መሆኔ መጠን፣ በዚህ ረገድ የታዘብሁትን ለክቡራን ነጋድያን ባቀርብ ከድፍረት እንደማይቆጠርብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሁለት ቁጥር ብቻ የያዙ ናቸው። ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል ይባልና ወዲያው የመጨረሻው ዋጋ ይጠየቃል። በበኩሌ፣ እንዲህ ሆኖ ለመጣ ጥያቄ ዋጋ ጽፎ መላክ ገዢውንም ሻጩንም የሚጎዳ ነው ባይ ነኝ። መስኮቱ አልስማማ ቢል ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ለእርሱ ሲባል የተቆረጠው የመኪና ግድግዳ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። የመስኮቱን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያጥፍ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ቀዳዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወቀሰውም ላሜራውን የቆረጠው ባትላሜራ ሳይሆን መስኮቱን የሸጠው ነጋዴ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ለማደሪያ መኪና ተብሎ በአውሮፓ የሚሠራው መስኮት አብዛኛውን ጊዜ መስተዋት ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ሁለት ገበታዎች በጠርዛቸው ተጣብቀው በመካከላቸው አየር ይታሰራል፤ ብርዱን የሚከለክለውም በተለይ ይህ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። አክሪሊክ ክብደቱ ከመስተዋት ግማሽ አይሞላም፤ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውም ከመስተዋት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። መኪናው ላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ብዙዎች ወደማያስቡት፣ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ወደማነሣው ነገር ልምጣ፤ እርሱም የአገራችን ከፍታ ነው። በባሕር ወለል አጠገብ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ድርብ መስተዋት በሆዱ የያዘው የዚያን አገር አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣው ዕቃ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሣጥኑ ገና ሳይከፈት በውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ እየገፋው ማበጥ ይጀምራል። መስተዋቱ ባይሰነጠቅ እንኳ በጠርዙ ያለው ማሸጊያ ይወጠራል፤ ውሎ አድሮም ይላቀቅና እርጥበት ያስገባል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል የሚታየውን ጉም ማንም ሊጠርገው አይችልም። ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ የውጭ ላኪ፣ ዕቃው የሚገባበት ከተማ ከፍታ ሳይነገረው በመቅረቱ የላከው መስተዋት እንዲህ ሆኖ ደርሶ፣ «እኛ ስናስረክብ ጤነኛ ነበር» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። በእርሱ በኩል ቃሉ ሐሰት አልነበረም።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። የድርብ መስተዋት ሠሪዎች ከፍታ ላላቸው አገሮች በጠርዙ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች ቱቦ እያስገቡ፣ የውስጡና የውጩ ግፊት እንዲተካከል ማድረግ ያውቁበታል፤ ካልተነገራቸው ግን አያደርጉትም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በመስተዋቶቹ መካከል አርጎን የተባለ ጋዝ እንዲሞላ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ገዢ አለ። ቱቦዋ ክፍት ከሆነች ጋዙ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ፣ ለአርጎን የተከፈለው ብር በነፋስ እንደ ተበተነ ይቆጠራል። በአክሪሊክ መስኮት ግን ነገሩ ይቀላል፤ ገበታው ጠንካራ ስላልሆነ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ ብዙዎቹም በጠርዛቸው ትንሽ ቀዳዳና መድፈኛ አላቸው። መስኮቱ አገር ከገባ በኋላ ዝናብ በሌለበት ደረቅ ቀን መድፈኛውን ከፍቶ አየሩን ማተካከልና መልሶ መድፈን በቂ ነው። መኪናው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው ከዳሎል ወጥቶ፣ ወደ 4,000 ሜትር ከሚጠጋው ከሳነቴ አምባ ላይ ሊያድር የሚችል ነውና፣ ገዢው ይህችን መድፈኛ ሲገዛ ሊያውቃት ይገባል።

ቀጥሎ የግድግዳው ውፍረት ይመጣል። ፋብሪካው የሚሠራው ክፈፍ በውጭና በውስጥ በኩል ግድግዳውን ጨብጦ የሚይዝ ስለሆነ፣ ለስንት ሚሊሜትር ግድግዳ እንደ ተሠራ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። በአውሮፓ የሚሠሩት የካራቫን ግድግዳዎች ሜዳና ወፍራም ናቸው፤ የእኛ ደንበኞች የሚያመጡት ዝግ መኪና ግን ግድግዳው አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ከዚያም በላይ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ላሜራ ነው። እንግዲህ ሜዳ መስኮት በጎባጣ ላሜራ ላይ ቢለጠፍ ማዕዘኖቹ ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ከውስጥ በኩል የደረቀ እንጨት በሚፈለገው ውፍረት ተላግ ላሜራው ላይ መጣበቅና ፊቱ ሜዳ መሆን አለበት። ይህን ሥራ የማይቀበል መኪና ከሆነ ለዚያው መኪና ቅርጽ ተብሎ የተሠራ መስኮት መፈለግ ይሻላል። በተጨማሪም አንዳንድ ሠሪ በማስታወቂያው የሚጽፈው የቀዳዳውን መጠን፣ ሌላው የክፈፉን የውጭ መጠን ነው። ሁለቱ ስለሚለያዩ፣ በፕሮፎርማው ላይ የትኛው እንደሆነ ሳይጻፍ ሌተር ኦፍ ክሬዲት መክፈት አይገባም።

የመቁረጡ ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመኪናው የቁም አጥንት ፈጽሞ መነካት የለበትም። መስመሩ በፋብሪካው ልክ ከተሰመረና የማዕዘኑ ክብነት ከክፈፉ ጋር ከተመሳከረ በኋላ፣ ቀለሙ እንዳይጫር ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ በኤሌክትሪክ መጋዝ ይቆረጣል። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል፤ የብረቱ ብናኝ አንድም ሳይቀር ይጠረጋል፤ የወደቀበትን ቦታ ሁሉ ያዝጋልና። ከዚያ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባና እስኪደርቅ ይቆያል። ብዙ ሠራተኞች ይህን የአንድ ቀን መጠበቅ እንደ ሥራ ፈትነት ስለሚቆጥሩት፣ ዝገቱ ከክረምቱ ጋር ብቅ ሲል እናያለን።

ለማሸጊያ የሚሻለው ቡታይል የሚባለው የማይደርቅ ማጣበቂያ ነው፤ መኪናው ሲንገጫገጥ አብሮ ስለሚሳብ አይሰነጠቅም፤ ክፈፉን መንቀል ቢያስፈልግም ላሜራውን ሳይጎዳ ይላቀቃል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተተው ርካሽ ሲሊኮን ግን አሲድ ስለሚያወጣ ብረትን ያዝጋል፤ ባለ ሱቆች ለዚህ ሥራ ባይሸጡት መልካም ነው። ብሎኖቹም ተራ በተራና በአንጻር መጥበቅ እንጂ አለቅጥ መጠምዘዝ የለባቸውም። አክሪሊክ በሙቀትና በብርድ የሚረዝመውና የሚያጥረው ከመስተዋት ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። የአንድ ሜትር ገበታ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለወጥ ወደ 2 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ መላወሻ ካጣ ይቆለመማል። በብርቱ ፀሐይም የውስጡን መጋረጃ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ሙቀቱን በመካከል አምቆ ገበታውን ሊያጣምም ስለሚችል ጥቂት ክፍተት መተው ያሻል።

ስለ ጽዳቱ ሻጩ አንዲት ቃል ቢናገር ብዙ ክርክር ያስቀራል። አክሪሊክ በቤንዚን፣ በአልኮል ወይም በቀለም ማቅጠኛ ከተጠረገ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈተግም ይጭረዋል። ብዙ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰው ሕይወት ጉዳይ አለ። ለተሽከርካሪ የሚሆን መስኮት በተባበሩት መንግሥታት 43ኛው የመስተዋት ደንብ መሠረት መፈተኑን የሚያሳይ፣ በክብ ውስጥ የኢ ፊደልና የአገር ቁጥር ያለበት ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ ማኅተም የሌለውን በርካሽነቱ ብቻ ማስገባት አይደገፍም። ደግሞም በሚገባ የታሸገ መኪና ብርድ ብቻ ሳይሆን አየርም ይከለክላል። በጣሪያና በወለል ያሉት የአየር ማስገቢያዎች ከቶ መደፈን የለባቸውም፤ በውስጡም ከሰል አንድዶ መተኛት ገዳይ ነው። ይህን በአማርኛ ጽፎ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ነጋዴ ወረቀትና ቀለም እንጂ ሌላ የሚያወጣው ነገር የለም።

እንግዲህ ለደንበኛ ዋጋ ከመጻፉ በፊት የመኪናው ዓይነት፣ የግድግዳው ውፍረትና ጉብጠት፣ የቀዳዳው ልክ፣ መኪናው የሚውልበትና የሚያድርበት አገር በጽሑፍ ይጠየቅ። ለውጭው ላኪም የከተማችን ከፍታ በትእዛዙ ላይ በሜትር ይገለጽለት። ከዕቃውም ጋር መቀርቀሪያዎች፣ የመስኮት መደገፊያዎችና ጎማ ጓርኒሲዮን በትርፍነት አብረው ይታዘዙ፤ በኮረኮንች መንገድ ቀድሞ የሚሰበረው መቀርቀሪያው ነውና፣ ስለ አንዲት መቀርቀሪያ ብቻ አዲስ ትእዛዝ ጽፎ ወራት መጠበቅ ለሁለቱም ወገን አድካሚ ነው።