የልብስ አጠባ ውኃ የት ይፍሰስ?

ጤና በቤታችን

ልብስ ታጠበ። ነጣ። አጥር ላይ ተሰጣ። መልካም ነው። ታዲያ በገበቴው የቀረው ጥቁር ውኃ የት ሄደ? ደጅ ተደፋ። ነገም እዚያው ይደፋል። ደጁ ይጨቀያል፤ ዶሮ ይጭረዋል፤ ሕፃን ይጫወትበታል።

«ከጥንት ጀምሮ ደጅ ስንደፋ ኖረናል፤ ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ገበቴ ውኃ በደረቅ መሬት ላይ ቢደፋ ፀሐይ ያደርቀዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደፋ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በመጠጥ ውኃ ጉድጓድ አጠገብ ሲታጠብ ነው። ውኃ መሸከም ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ እናቶች ልብሱን ወደ ጉድጓዱ አፍ ይዘው ይሄዳሉ። እዚያው ያጥባሉ፤ እዚያው ይደፋሉ። ዓይነ ምድር የነካው የሕፃን ጨርቅም እዚያው ይታጠባል። ያ ውኃ በአፈር ውስጥ ሰርጎ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ማታ የምንጠጣው እሱኑ ነው። ተቅማጥ በዚህ ይመጣል። ተቅማጥ ደግሞ ትንሽ ልጅ ይገድላል።

«እንግዲያው ወንዝ ወርደን እንጠብ» ትሉ ይሆናል። በብዙ ወንዝ ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ይበሳል። ስለዚህ ነገር ሳይጠቀስ የማይታለፍ ታሪክ አለ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር ተመለከቱ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም የታወቀው በዚህ ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የእንዶድ እጣቢም ቢሆን ዓሣ ወዳለበት ውኃ አይደፋ።

ስለዚህ ቤት አጠገብ ማጠብና ውኃውን በማስረጊያ ጉድጓድ ወደ መሬት ማስገባት ይሻላል። ማስረጊያ ጉድጓድ ድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ነው። ውኃው በድንጋዩ መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ሜትር ከሌላችሁ 40 ረዥም እርምጃ ቁጠሩ። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ማስረጊያው ከመጠጡ ጉድጓድ በታች ይሁን እንጂ በላይ አይሁን።

ከዚያ አፈሩን ፈትኑ። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ማታ ውኃ ሙሉት። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ሙሉት። እስከ ማታ ግማሹ እንኳ ካልሰረገ ያ ቦታ አይሆንም። ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር እንዲህ ነው። ሲርስ ያብጣል፤ ውኃ አያሳልፍም። በእንዲህ ያለ ቦታ ጉድጓድ መቆፈር ድካም ብቻ ነው። ውኃውን በትንሽ ቦይ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጌሾ ሥር ምሩት። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይድረስ። ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ ግን አታፍስሱት።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በማስረጊያው ወለልና ከመሬት በታች ባለው ውኃ መካከል 1 ሜትር ተኩል ደረቅ አፈር መኖር አለበት። ይህ እንዴት ይታወቃል? በክረምት መጨረሻ በአቅራቢያ ባለ የውኃ ጉድጓድ ገመድ አውርዳችሁ ለኩ። ውኃው ከመሬት ገጽ 3 ሜትር ሳይሞላ ከተገኘ ማስረጊያው 1 ሜትር ተኩል ሊጠልቅ አይገባውም። በበጋ መለካት ያታልላል፤ ውኃው በበጋ ይወርዳልና።

አሁን ወደ ቁፋሮው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ይቆፍራል፤ ድንጋዩን በኋላ ይፈልጋል። በዚህ መካከል ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ያድራል። ዝናብ ይሞላዋል። ልጅ ይገባበታል፤ ጥጃ ይወድቅበታል። ድንጋዩና ጠጠሩ አስቀድሞ ይሰብሰብ። ከዚያ በአንድ ቀን ተቆፍሮ በዚያው ቀን ይሞላ። አልጨረስንም ካላችሁ በእንጨትና በእሾህ ዝጉት።

ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ጥልቀቱ ሰው ሲቆምበት ትከሻ ወይም አገጭ ድረስ ይሆናል። «ይህማ ምን አላት!» አትበሉ። 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ አፈር ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ግድግዳው ቢናድ ጎበዝም ቢሆን አይሸከመውም። ብቻችሁን አትቆፍሩ፤ አንድ ሰው ላይ ይቁም። የወጣውን አፈር አፋፉ ላይ አትከምሩ፤ አንድ እርምጃ ይራቅ። አሸዋማ መሬት ከሆነ አፉን ሰፋ፣ ጎኑን ዘንበል አድርጉት። ዝናብ ከጣለ ውጡ።

ራስ የሚያህል ድንጋይ ከታች ይግባ። ጡጫ የሚያህለው ከመካከል፣ ጠጠሩ ከላይ ይሁን። በጠጠሩ ላይ ያረጀ ማዳበሪያ አንጥፉና አፈር መልሱበት። በድንጋዩ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ የጠቅላላው ሲሶ ያህል ቢሆን 500 ሊትር ይይዛል። ይህም 25 ጀሪካን ነው።

ከማጠቢያው እስከ ማስረጊያው ቦይ ይሠራ። በየሜትሩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይበል። በቦዩ መጨረሻ ገለባ የሞላበት አሮጌ ቅርጫት ወይም የተበሳ ቆርቆሮ ይቀመጥ። ይህችን ነገር ብዙዎች ይንቋታል። የማስረጊያው ዕድሜ ግን በእሷ ነው። የሳሙናው ዝቃጭና የልብሱ ክር እዚያ ይቀራል። ካልቀረ አፈሩን ይደፍነዋል። ገለባው በየሳምንቱ ይለወጥ፤ አሮጌው ይቀበር።

ዓይነ ምድር የነካው ጨርቅ ለብቻው ይታጠብ። እጣቢው ወደ ሽንት ቤት ይደፋ እንጂ ወደ ማስረጊያው አይሂድ።

ከጊዜ በኋላ ውኃው ቦዩ ላይ ቆሞ መዋል ከጀመረ ተደፍኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ውኃ አትልቀቁበት። ደርቆ ካልተሻለው ድንጋዩን አውጥታችሁ እጠቡ። ድንጋዩ እስኪታጠብ ጉድጓዱን ዝጉ። ከጎኑና ከወለሉ የጠቆረውን አፈር ልጣችሁ ጣሉ። ሥራው በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ መሬቱ ጠንክሮ ግድግዳው የማይናድበት ጊዜ ነው።