«ፎርማት ላድርግልሽ?»

ነገሩ የጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። ላፕቶፔ መንቀራፈፍ ሲያበዛ መገናኛ አካባቢ ወዳለች አንዲት የጥገና ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ልጁ ክዳኑን ከፈተ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፎርማት ላድርግልሽ?» አለኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ለምን እንደምጠቀምበት አልጠየቀኝም። እኔም (ጋዜጠኝነት የተማርኩት፣ መጠየቅ እንጀራዬ ነው የምለው እኔ!) አንድ ነገር ሳልጠይቅ «እሺ» አልኩት። ደግነቱ ፋይሎቼን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው የማላውቀው ኮምፒውተር ጠበቀኝ። ፊደሎቹ የመንገድ ዳር ቢልቦርድ ያህላሉ። የስክሪኑን ብርሃን ልቀንስ ብል አይቀንስም፤ ዓይን እስኪያስለቅስ እንደፈካ ቀረ። ቪዲዮ ስከፍት ድምፁ ቀድሞ ይሮጣል፣ ምስሉ እያነከሰ ይከተላል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሁለት ወር የለፋሁበትን የ18 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ለአሠሪዎቼ በፕሮጀክተር ማሳየት ነበረብኝ። እስኪ ልሞክር ብዬ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቤታችን ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» አለኝ።

ደወልኩለት። «እህቴ፣ ግራፊክስ ካርዱ ሳይቃጠል አይቀርም» አለ በተረጋጋ ድምፅ። ሲቀጥልም፣ «እሱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ሌላ ብትገዢ ይሻልሻል። ጥሩ ጥሩ ስላይትሊ ዩዝድ ገብቶልናል።» ጠዋት በእግሩ ሄዶ ማታ የሞተ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ላፕቶፕ አየሁ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የያዝኩት አቋም አለኝና ቀድሜ ልንገራችሁ። ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የትኛው ግራፊክስ እንዳለ፣ ድራይቨሩም ከየት እንደሚገኝ ማወቅ የባለሙያ ሚስጥር አይደለም፤ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ይህን ሳናውቅ ስንቀር ደህናውን ማሽን «ተቃጥሏል» ተብለን እንጥላለን። ስንት ሰው እንደጣለ እግዜር ይወቀው።

ለመሆኑ ድራይቨር ምንድን ነው? ስሙ ሾፌር ይባል እንጂ ሥራው የአስተርጓሚ ነው። ዊንዶው የሚያውቀው የራሱን ቋንቋ ነው፤ ግራፊክሱም የራሱን። በመካከላቸው ቆሞ «ይህን ምስል በዚህ መጠን፣ በዚህ ፍጥነት ሣል ይልሃል» የሚለው ድራይቨሩ ነው። እሱ ከሌለ ዊንዶው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚባል፣ ሰላምታና ዋጋ መጠየቅ ብቻ የሚችል የቱሪስት አስተርጓሚ ያስቀምጣል። በእሱ ፊደል ማንበብ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁ። ብርሃን ማስተካከል፣ ሁለተኛ ስክሪን ማገናኘት፣ ቪዲዮ ያለ መንተባተብ ማጫወት ሁሉ ይቀራል። የእኔ ላፕቶፕ ሕመም ይኸው ነበር። የዚያን ማታ ግን ይህን አላውቅም።

አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶው ኢንተርኔት ካገኘ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ልጁ ግን «ዳታ እንዳይበላብሽ» ብሎ አፕዴቱን ዘግቶት ኖሯል። (በቅንነት ነው፤ በዚህስ አልወቅሰውም። የዊንዶው አፕዴት የወር ፓኬጅ በአንድ ማታ ሙልጭ አድርጎ ሲበላ አይቻለሁ።) ዋይፋዩም ድራይቨር ስለሌለው አይሠራም። ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር ያስፈልጋል። ሳጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው። መውጫው ስልክ ነው፦ አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ብዙውን ጊዜ ምንም ሳትጭኑበት ኢንተርኔት ይሰጣችኋል።

እኔም በዚህ መንገድ ገባሁና የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። «ነፃ የግራፊክስ ድራይቨር» ብዬ ፈልጌ ከላይ የመጣልኝን ተጫንኩ። ድራይቨር ሳይሆን «ድራይቨር ፈላጊ» የሚባል ፕሮግራም አወረደልኝ። ማሽኔን መረመረና በቀይ ቀለም «41 ድራይቨሮችዎ አርጅተዋል!» ብሎ አስደነገጠኝ። አዲስ ፎርማት በተደረገ ማሽን ላይ 41 ያረጀ ነገር ከየት መጣ? ላድስ ስለው ክፍያ በቪዛ ካርድ ጠየቀኝ። ቪዛ ካርድ የሌለኝ መሆኑ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። በነፃ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ሳልጠይቀው የብራውዘሬን መክፈቻ ገጽ መቀየሩ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ድራይቨር እንደ ሙዚቃ ማጫወቻ ያለ ተራ ፕሮግራም አይደለም። ብዙዎቹ ድራይቨሮች የሚሠሩት በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው፤ እዚያ የተሳሳተ ነገር ማሽኑን በሙሉ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ድርጅት አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ላከና በዚሁ እምብርት ውስጥ የሚሠራውን ድራይቨሩን አወላከፈው። ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን ቀጥ አሉ፤ በየአገሩ አውሮፕላኖች መነሳት አቃታቸው። ያ እንግዲህ የታወቀና ሕጋዊ ድርጅት ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ «ድራይቨር ፈላጊ» ላይ «የስ» «የስ» እያልን ስንጫን የቤታችንን ዋና በር ቁልፍ ነው የምንሰጠው።

ሁለተኛው ስህተቴ የተማረ ሰው ስህተት ነበር። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈችውን የኤንቪዲያ ምልክት አየሁና በቀጥታ ወደ ኤንቪዲያ ገጽ ሄጄ አዲሱን ድራይቨር አወረድኩ። አዲስ ከሆነ ጥሩ ነው አይደል? ከግማሽ ጊጋባይት በላይ! ፓኬጄ አለቀ፣ ሌላ ገዛሁ፣ መብራት ሄደ፣ መጣ። በመጨረሻ ስጭነው «ተስማሚ የግራፊክስ ሃርድዌር አልተገኘም» አለኝ። ያኔ እጄን ሰጠሁ። ልጁ እውነቱን ነው፣ ተቃጥሏል አልኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ያዳነኝ እናቴ ሁልጊዜ «ይሄ ልጅ በጌም ዕድሜውን ጨረሰ» የምትለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ውኃ ሊጠጣ ተነስቶ አየኝ። ስክሪኑን አንዴ አየት አደረገና «ካርዱ ቢቃጠል ይሄንንም አታዪም ነበር። ድራይቨር የለውም እንጂ» አለ። ከዚያ የጥገናው ልጅ ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ውስጡ ያለው ምንድን ነው?»

«ኤንቪዲያ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስቲከሩ።»

ሳቀብኝ። ትምህርት ቤት መምህራን አራት ዓመት ሙሉ «ምንጭሽ ማነው? ከመጀመሪያው ምንጭ አጣርተሻል?» እያሉ አድርቀውኝ፣ እኔ ስቲከር አምኜ ቁጭ ብያለሁ።

የመጀመሪያው ምንጭ ማሽኑ ራሱ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ትከፍታላችሁ። ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበትን ወይም «ቤዚክ ዲስፕሌይ» የሚለውን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»፣ ከዚያ «ሃርድዌር አይዲስ» ትላላችሁ። አስፈሪ የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ይመጣል፤ አትደንግጡ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው አራት አሃዝ የሠሪው መታወቂያ ነው። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው (ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስሙ 8086 ነበር፤ ኢንጂነሮችም ይቀልዳሉ ማለት ነው)። 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ የካርዱ የራሱ መለያ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጓቸው የካርዱ ሙሉ ስም ይወጣል። ስቲከር ሊቀየር ይችላል፣ ሻጭ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን የተጻፈው እዚያው ሃርድዌሩ ላይ ነው።

የእኔ ማሽን ሁለት መታወቂያ አወጣ፦ 8086 እና 10ዲኢ። ለካ ሁለት ግራፊክስ ነው ያለው! እንደ እኔው ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ስክሪኑን የሚያዘው ኤንቪዲያው ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ኢንቴል ነው። ኤንቪዲያው ከባድ ሥራ ሲመጣ ምስሉን ሠርቶ ለኢንቴሉ ያቀብላል፣ ኢንቴሉ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጫነው የኢንቴሉ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ የእንግዳውን በር እያንኳኳሁ ባለቤቱን ረስቼዋለሁ።

«አዲሱ»ስ ለምን አልሠራም? ካርዴ ጂፎርስ 740ኤም ነው፤ ኤንቪዲያ ኬፕለር ብሎ ከሚጠራው ትውልድ። ለዚህ ትውልድ የላፕቶፕ ካርዶች መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አቁሟል፤ ለዴስክቶፖቹ በ2021። አዲሱ መጫኛ የእኔን ካርድ አያውቀውም። ካርዱ ስለሞተ ሳይሆን ስሙ ከዝርዝሩ ስለወጣ! «ተስማሚ ሃርድዌር አልተገኘም» እና «ተቃጥሏል» የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው፤ ሌሊት ላይ ግን አንድ ይመስላሉ። እኛ አገር የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ሌላ ሰው ሲጠቀምበት የኖረ ስለሆነ፣ ለእኛ ትክክለኛው ድራይቨር ብዙ ጊዜ የዛሬው ሳይሆን ካርዱን የሚያውቀው የመጨረሻው ነው።

ወንድሜ ላፕቶፑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን የመለያ ቁጥር አነበበልኝ። በሠሪው ድርጅት ገጽ ላይ ቁጥሩን ስናስገባ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጁት ድራይቨሮች ተደርድረው መጡ። የኢንቴሉ መጠን ሌሊቱን ከተጫወትኩበት ዳታ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ስንጭነው ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። (ይህ የተለመደ ነው፤ ደንግጣችሁ እንዳታጠፉት።) ከዚያ ፊደሎቹ ተሰብስበው ወደ መጠናቸው ተመለሱ። ብርሃኑን ስቀንሰው ቀነሰ። ማሽኑን አጥፍተን ካበራን በኋላ የኤንቪዲያውን አሮጌ ድራይቨር ጫንን። ቴሌቪዥኑ ላይ የፊልሜ የመጀመሪያ ምስል ሲወጣ ሊነጋ ሲል ነበር፤ እናቴ ጩኸታችንን ሰምታ ተነስታለች።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ፤ ክፉ ሰው አድርጌ ልሥለው አልፈልግም። በቀን ስንት ማሽን እንደሚነካ፣ ለአንዱ ፎርማት የሚከፈለው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ ለሁሉም ማሽን የሚሆን የድራይቨር ጥቅል በፍላሽ ይዞ ይዞራል፤ ከጥቅሉ ውስጥ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘ ካርዱ «ተቃጠለ»። የሚያናድደኝ «አላውቅም፣ ላጣራ» የምትለዋ አጭር ዓረፍተ ነገር መጥፋቷ ነው። ዘመድ ላልሆነው ደንበኛ አንድ ደቂቃ ወስዶ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት ማንን ይጎዳል? እኛም ደንበኞቹ ከዚያ አንሻልም። ሥጋ ስንገዛ ከየቱ ብልት እንደተቆረጠ ሉካንዳውን በጥያቄ የምናፋጥጥ ሰዎች፣ የወራት ደመወዛችንን ያወጣንበትን ማሽን «እሺ» ብለን አስረክበን ማኪያቶ ልንጠጣ እንሄዳለን።

ጉዳዩ ደግሞ ካለፉት ዓመታት ይልቅ ዛሬ ይብሳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶው 11 ደግሞ የእኔን ዓይነት አሮጌ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ «ይሄ ማሽን አብቅቶለታል» የሚለውን ቃል ገና ደጋግመን እንሰማዋለን። አንዳንዶቻችን ወደ ሊኑክስ እንሄድ ይሆናል፤ እዚያ የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ኤንቪዲያ ግን ለረጅም ጊዜ ራስ ምታት ነበር። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ካሜራ ፊት፣ መሃል ጣቱን ለኤንቪዲያ ማሳየቱን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ኩባንያው የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ለሕዝብ የከፈተው ከአስር ዓመት በኋላ፣ በ2022 ነው፤ ያውም ለአዳዲሶቹ ካርዶች። የእኔዋ 740 እዚያም ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ምስኪን።

ፊልሙ ጠዋት ታየ፣ ክፍያዬም ተከፈለኝ። በሳምንቱ በዚያች ሱቅ በኩል ሳልፍ አላስችል አለኝና ገባሁ። ላፕቶፑን ከፍቼ ፊቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቪዲዮ አጫወትኩለት፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ አደረግሁለት። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ካየ በኋላ መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ አወጣ።

«የኔ እናት፣ ድራይቨሯን እዚህ ላይ ትገለብጪልኛለሽ? ይቺን ሞዴል ሁለት ሰዎች አምጥተውልኝ ተቃጥሏል ብያቸዋለሁ።»

ገለበጥኩለት። የሰዎቹን ስልክ ቁጥርም ፊቴ ቆሞ ሲደውል ሰማሁ፤ አንደኛው አላነሳም።