ከጎልፍ ሜዳ ወደ ጓዳ ንግድ

ጎልፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በቴሌቪዥን የምናየው ሰፊ አረንጓዴ ሜዳና ጊዜና ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው። ቤቷ ኬክ ጋግራ ከምትሸጥ፣ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ በኪሎ ከምታቀርብ ወይም ሳሎኗ ጥግ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ከምትሠራ ሴት ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንድ ትልቅ ነገር ያገናኘዋል። ጎልፍ ተጫዋች ኳስ የሚያቀብለው የቡድን ጓደኛ የለውም። በአብዛኛው በየእርምጃው የሚከተለው ዳኛም የለም። ይመታል፣ ምቱን ይቆጥራል፣ ጥፋት ካለበትም በራሱ ላይ ቅጣት ይጨምራል። ቤቱ ውስጥ የሚነግድ ሰውም እንዲሁ ነው። አለቃ የለው፣ ሒሳብ ሹም የለው፣ “ዛሬ አረፈድክ” የሚለው ተቆጣጣሪ የለው። ስለዚህ ሜዳው ላይ የሚሠራው ዲሲፕሊን ጓዳ ውስጥም ይሠራል። እስቲ አራቱን እንያቸው።

ትንሿም ምት አንድ ናት

ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባው የምት ብዛት አስቀድሞ ተወስኗል፤ ይህ ፓር ይባላል። በብዙ ሜዳዎች ድምሩ 72 ነው። ከዚህ ውስጥ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ምት የተያዘው ኳሷ ግሪን የሚባለው ለስላሳ ሣር ላይ ከደረሰች በኋላ በቀስታ ለምትመታው ምት ነው። 18 ጊዜ ሁለት 36፤ የ72ቱ እኩሌታ ማለት ነው። 250 ሜትር የምትበረው ምት አንድ ተብላ ትቆጠራለች። ግማሽ ሜትር የምትንከባለለውም አንድ ተብላ ትቆጠራለች።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ ረጅሟ ምት ነው። “ቲክቶክ ላይ እንዴት ልታይ? የቴሌግራም ቻናሌን ተከታይ በምን ላብዛ?” ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያ ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ ያደርሳታል እንጂ አይከታትም። ጠዋት ዋጋ ለጠየቀ ደንበኛ ማታ መመለስ፣ ለአሥር ሰዓት ልደት የታዘዘ ኬክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መድረሱ፣ ከረጢቱ ተቀዶ በርበሬው ቦርሳ ውስጥ መፍሰሱ፤ እነዚህ ሁሉ የተሳቱ የግማሽ ሜትር ምቶች ናቸው። ደንበኛው ብዙ ጊዜ ቅሬታውን አይናገርም። ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ልደት ሌላ ሰው ጋ ይደውላል። ስለዚህ ለማስታወቂያ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በዚህ ሳምንት ከጠየቋችሁ ሰዎች ስንቱ እንደገዛ፣ ከገዙት ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ቁጠሩ።

ካርዱን ሳታዩ አትፈርሙ

በጎልፍ ውድድር የአንዱን ተጫዋች ውጤት በካርድ ላይ የሚመዘግበው አብሮት የሚጫወተው ነው። ባለቤቱ ግን አይቶ፣ አረጋግጦ ይፈርምበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ የማስተርስ ውድድር አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በመጨረሻው ቀን 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ። አብሮት ይጫወት የነበረው ቶሚ አሮን ግን በካርዱ ላይ 4 ብሎ ጻፈ። ዴ ቪሴንዞ ልብ ሳይል ፈረመ። በሕጉ መሠረት ከእውነተኛው በላይ የሆነ ቁጥር ከተፈረመበት የተፈረመው ይጸናል። ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ሆኖ ለመለያ ጨዋታ መቅረብ ሲገባው በአንድ ምት ተሸናፊ ሆነ። በዓለም ሁሉ ፊት በሚገባ የተጫወተውን ጨዋታ አንዲት ቁጥር ወሰደችበት።

ቤት ውስጥ በሚሠራ ንግድ ካርዱ ደብተራችሁ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ኬክ 1,800 ብር ተሸጠ እንበል። ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤና ክሬም 1,000 ብር፤ ካርቶንና ማስጌጫ 150፤ መብራትና ጋዝ 100፤ ለሞተረኛ 150። ወጪው 1,400፣ ትርፉ 400 ብር ሆነ። ከግዢ እስከ ማስረከብ አምስት ሰዓት ከፈጀ የሰዓቱ ዋጋ 80 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚጽፈው ግን 1,800ውንና 1,000ውን ብቻ ነው፤ 800 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ከዚያ ወሩ ሲያልቅ “ገንዘቡ የት ገባ?” የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄው ደግሞ ባልና ሚስትን እስከ ማጋጨት ይደርሳል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። የሥራውን ገንዘብ ከቤት አስቤዛ መለየት፣ ከተቻለም ለብቻው የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። ለቤት ፍጆታ ከሥራው ዱቄት ከተወሰደ እንደ ሽያጭ ይጻፍ። የራሳችሁን ድካምም ዋጋ ስጡት። የቤት ውስጥ ሥራ “መዋያ” እየተባለ የሚናቀው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ስለማይታይ ነው። የተጻፈ ቁጥር ግን ይከራከርላችኋል።

ስንት እንደሚበቃችሁ እወቁ

እ.ኤ.አ. በ1999 በስኮትላንድ ካርኑስቲ በተካሄደው ኦፕን ሻምፒዮና ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። ጉድጓዱ በ4 ምት የሚጨረስ ነው፤ እሱ ግን በ6 ቢጨርሰው እንኳ ዋንጫው የእሱ ነበር። አጫጭር ምቶችን መርጦ በሰላም መድረስ ሲችል ትልቁን መምቻ አወጣ። የመጀመሪያው ምት ከመስመር ወጣ፣ ሁለተኛው የተመልካቾችን መቀመጫ ነክቶ ተመለሰ፣ ሦስተኛው ወንዝ ውስጥ ገባ። በ7 ጨረሰና ለመለያ ጨዋታ ቀረበ። ዋንጫውን የወሰደው ፖል ሎሪ ነው።

በቤት ንግድ ውስጥ ይህ አጋጣሚ የሚመጣው ትልቅ ትእዛዝ ይዞ ነው። በሳምንት አሥር ኬክ የምታወጣ አንዲት ምድጃ አለቻችሁ እንበል። ድንገት ለ300 ሰው ሠርግ ትታዘዛላችሁ። እምቢ ማለት እንጀራን መግፋት ይመስላል። ዝም ብሎ እሺ ማለት ደግሞ ሠርጉንም፣ የዘወትር ደንበኞቻችሁንም በአንድ ቀን ሊያሳጣ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? መካከለኛ መንገድ አለ። ቢያንስ ጥሬ ዕቃውን የሚሸፍን ቀብድ ተቀበሉ። ከፊሉን ለሌላ ባለሙያ አካፍሉ። አለዚያም “መቶውን በሚገባ እሠራለሁ፣ ቀሪውን ሌላ ሰው ይሥራው” በሉ። ይህን የምትለውን ሴት ደንበኛ አይንቃትም፤ ያምናታል።

ኳሷ ካረፈችበት ምቱ

የጎልፍ መሠረታዊ ሕግ ኳሷን ካረፈችበት ቦታ መምታት ነው። አሸዋ ውስጥ ከገባች ከአሸዋው ነው። ለቤት ነጋዴ አሸዋው የዘይት ዋጋ መጨመር፣ የመብራት መጥፋት፣ የጾም ወቅት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እንቁላልና ቅቤ የሌለበትን ኬክ አስቀድማ የሞከረች ሴት እነዚያን ቀናት ባዶ እጇን አታሳልፍም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለች ደግሞ ትእዛዝ የምትቀበልበትን ሰዓት አንድ ቀን ቀደም ታደርጋለች።

ሕጉ ግን ጨካኝ አይደለም። ኳሷ ፈጽሞ ሊመቷት የማይቻል ቦታ ከገባች ተጫዋቹ የአንድ ምት ቅጣት ተቀብሎ ማውጣት ይችላል። ኬኩ ተሰንጥቆ ከደረሰ፣ ቀሚሱ ከልኩ ከጠበበ፣ ከደንበኛ ጋር መሟገት ከቁጥቋጦ ውስጥ ደጋግሞ እንደመምታት ነው። ገንዘቡን መመለስ ወይም እንደገና መሥራት የአንድ ምት ቅጣት ነው። ቶሎ ከፍላችሁ ወደ ሜዳው ተመለሱ።

ለዚህ ወር አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ደብተር ግዙና በአራት ዓምድ ክፈሉት፤ የገባ፣ የወጣ፣ የፈጀው ሰዓት፣ ደንበኛው ተመልሶ መጣ ወይስ አልመጣም። በየማታው ከመተኛታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡት። ወሩ ሲያልቅ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ደምሩት። ሥራው ዋጋ ይጨመርበት፣ ሰው ይቀጠርበት ወይስ ለጊዜው ይቁም የሚለውን ያን ጊዜ በግምት ሳይሆን በቁጥር ትወስናላችሁ።