የሁለተኛ ዲግሪ ወጪ በአገልግሎት ይከፈል

ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ደሴ ሄዶ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር የሚያስብ የግብርና ባለሙያ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ፣ ገና ሳይመዘገብ ዕዳ አለበት። የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነውን ድርሻ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲመልስ ያዛል። በዚህ ላይ የማስተርስ ክፍያ ሲጨመር ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። የሥራ ባልደረባ ዋስ ይሆናል፣ ደመወዝ ይያዛል። ብድሩ የሚያልቀው ደግሞ በምዝገባ ብቻ አይደለም፤ አርብ ማታ ለሚኒባስ፣ ቅዳሜ ለአልጋና ለምግብ፣ በመጨረሻም ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ መሰብሰቢያና ማሳተሚያ ይወጣል። ዲግሪው ያመጣል የተባለው የደመወዝ ጭማሪ ገና ሳይመጣ ወለዱን መክፈል ይጀመራል።

ይህን ሸክም ለተማሪው ብቻ መተው ተገቢ አይደለም፤ መፍትሔውም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ያው የወጪ መጋራት ደንብ መምህር ለመሆን የሰለጠነ ሰው ዕዳውን በገንዘብ ፋንታ በማስተማር እንዲከፍል ፈቅዷል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለራሳቸው መምህራን ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ደመወዝ እየከፈሉ ይልካሉ፣ ተመልሰው እንዲያገለግሉ ውል ያስገባሉ። ለዩኒቨርሲቲ መምህር የተገባው ለአምባሰል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር የማይገባበት ምክንያት የለም።

አገሩም ይህን አሠራር ከጥንት ያውቀዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሳሰሉ አባቶች ተምረዋል። በአብነት ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪ የሚበላውን ከመንደሩ ያገኛል፤ በትምህርቱ የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል። በወሎ መስጊዶችም ደረሳውን የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ዛሬ በአንዳንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን እያስተማረ ክፍያው የሚቀርለት በዚሁ መንገድ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በቤተ ሙከራና በማጠናከሪያ ትምህርት የሚያግዙትን የማስተርስ ተማሪዎች ክፍያ ቢተውላቸው የሠሩበትን ከፈለ እንጂ ምጽዋት አልሰጠም።

አሠሪው ወረዳ ወጪውን ይጋራ ሲባል የሚነሳው ወረዳው ገንዘብ የለውም የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ በጀቱ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። ነገር ግን የምጠይቀው ሙሉ ወጪውን እንዲሸፍን አይደለም። ደመወዙን ሳያቋርጥ የጥናት ፈቃድ መስጠት፣ የክረምትና የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብርን ከሥራ ሰዓት ጋር ማስማማት፣ ከተቻለም የትራንስፖርቱን ወጪ መጋራት ለብድር የሚያስሮጠውን ጉድለት ይቀንሳል። ሌላው ስጋት ተምሮ ይጠፋል የሚለው ነው። ይህም የሚሆነው ውሉ ሰውየውን አስሮ አሠሪውን ነፃ ሲያደርግ ነው። የአገልግሎቱ ዘመን ከተከፈለለት ጋር የተመጣጠነ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚለቅም የቀረውን ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ ሲመለስ የደረጃ እድገቱ በውሉ የተጻፈለት ከሆነ፣ ለመጥፋት የሚገፋው ምክንያት ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የገበሬው ጥያቄ ነው፦ በእኔ ግብር የሌላው ደረጃ ለምን ያድጋል? ይህ ጥያቄ ትክክል ነው። በተለይ ማስተርስ የሚመረጠው በተገኘው የትምህርት ክፍል፣ ለእድገት ብቻ በሆነበት ጊዜ። ስለዚህ የሚደገፈው ዘርፍ አስቀድሞ በሥራው ፍላጎት ይወሰን። ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ካጣ ድጋፉ ለሒሳብ ይሁን፤ ጤና ጣቢያው የሚጎድለውን ራሱ ይናገር። በራሱ ምርጫ ሌላ መማር የሚፈልግ ሰው በራሱ ወጪ ይማር፣ ወይም እንደ ኢራስመስ ሙንዱስና ዳአድ ያሉትን ሙሉ የውጭ ስኮላርሺፖች ይሞክር።

ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ተሁለደሬና አምባሰል ወረዳዎች ለሚቀጥለው ክረምት የሚጎድሏቸውን የትምህርት ዓይነቶች ለይተው፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው፣ መስፈርቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ይችላሉ።