የገዛ ጽሕፈትን በድምፅ ስለ ማንበብ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት በአገራችን ይነገራል። ለልጅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ እንዳይሰጡት ለማስጠንቀቅ ሲነገር ተረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች የልጅን ቃል ለመናቅ ይጠቅሱታል። ሳያቦካ ያደገ ልጅ በጎለመሰ ጊዜም ማቡካት አይሆንለትም። እንዲሁም በልጅነቱ የጻፈውን በገዛ አፉ ያላነበበ ሰው፥ ባደገ ጊዜ በሸንጎ ቆሞ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ስለ ቤተ ሰዎቻቸው ጥቂት ቃል እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንድ ዝምተኛ ልጅ ሊያነብ ተነሣ፤ ድምፁ ግን ከጕሮሮው አልወጣ አለ። እኔም ትዕግሥት አጥቼ ወረቀቱን ከእጁ ወሰድሁና ራሴ አነበብሁት። «ታላቅ ወንድሜ በሠፈራችን ዘወትር ይመታል» ይላል። «ይመታል» የሚለውን ቃል አላልቼ አነበብሁትና፥ «የወንድምህን ክፋት እንደ ዝና ታወራለህን?» ብዬ ገሠጽሁት፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከትምህርት በኋላ ግን ቀረብ ብሎ፥ «የኔታ፥ ወንድሜ ተመቺው ነው እንጂ መቺው አይደለም» አለኝ።

ቃሉን አጥብቄ አንብቤው ቢሆን ኖሮ የልጁን ኀዘን በሰማሁ ነበር። በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ተናገርሁ፤ ልጁ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለማንበብ አልተነሣም። ሳቅን ማስነሣት ቀላል ነው፤ የተሰበረውን ልብ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ይጠይቃል።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ የበላይና ተቀዳሚ ማለት ነው። ሌላ አንባቢ ይህን ከነገሩ አካሄድ ይገምታል፤ የጻፈው ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ከልጁ እጅ መውሰድ አሳቡንም ከእርሱ እንደ መውሰድ ነው።

ይህ ልማድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው የገዛ ቅኔውን ይቈጥራል። ለብቻው ሲያሰላስል ይቈይና በመምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርምለታል። አባቶቻችን አፍና ልብ አብረው እንዲማሩ ያደረጉት በዚህ ነው።

ልጅን በሰው ፊት ማናገር ዓይን አውጣ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ዓይን አውጣ የሚባለው ያላሰበውን የሚናገር ነው። የጻፈውን የሚያነብ ልጅ አስቀድሞ አስቧል፤ ለቃሉም ኀላፊ መሆንን ይለምዳል። ሐሰት ጽፎ እንደ ሆነ የገዛ ድምፁ በጆሮው ይወቅሰዋል።

እንግዲህ መምህርም ወላጅም እንዲህ ያድርጉ። ልጁ መጀመሪያ ለብቻው በዝግታ ያንብብ፤ ቀጥሎ ለአንድ ወዳጁ፤ በመጨረሻም ለጉባኤው። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወረቀቱም አፉን አይሸፍን። አራት ነጥብ ባለበት ትንፋሹን ይሰብስብ። የጐደለ ቃልና የተጣመመ ዐረፍተ ነገር በዚያን ጊዜ ራሱ ይሰማዋል፤ ምላሱ ይደናቀፋልና። ሰሚዎቹም እስኪፈጽም ዝም ይበሉ። ከፈጸመ በኋላ አስቀድሞ ስለ ነገሩ ይጠየቅ፤ የፊደሉ እርማት ከዚያ ይከተላል። በአማርኛ ሀ፥ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸውና፥ እነርሱን ስለ መሳሳቱ ንባቡን ማቋረጥ አይገባም።

አንተም ልጅ ሆይ፥ ለማንበብ በተነሣህ ጊዜ ጕልበትህ ቢንቀጠቀጥ አትፈር፤ ከፊትህ የተቀመጡትም ተራቸው ሲደርስ እንዲሁ ይሆናሉ። የጻፍኸውን ከአንተ ይልቅ የሚያውቀው የለምና አንተው አንብበው። ባልንጀራህም ሲያነብ አትሳቅ፤ እስከ መጨረሻው ስማው። ሳትሰማው የምትስቅበት ቃል ምናልባት የልቡ ኀዘን ይሆናል።